ነፋስ ይዞኝ ነው

በዚህ ዓምድ ስለ ተማሪዎች ጥፋት ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ። ዛሬ ግን ስለ መምህሩ ጥፋት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። ጥፋቱ የተፈጸመው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የተገለጠልኝ ግን በክረምቱ ዕረፍት፥ በጣና ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ጂኦግራፊ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ወላጆቹ በዘጌ በኩል የሚኖሩ አንድ ተማሪ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች እሱም ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይሄድና እሑድ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። አባቱ እንጨት በታንኳ እየጫነ ለከተማ የሚሸጥ ሰው ስለ ሆነ፥ ልጁም የሚመላለሰው በዚያው በታንኳ ነው። አንድ ሰኞ ጧት የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነበረን፤ ልጁ ግን አልመጣም። ማክሰኞ ጧት ዐይኑ ቀልቶ፥ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ከደጃፉ ላይ ቆመ።

«የት ነበርህ?» አልሁት።

«ነፋስ ይዞኝ ነው መምህር» አለ።

ዝናብ ያዘኝ የሚል ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ ነፋስ ያዘኝ የሚል ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ነፋስ ፖሊስ ነው እንዴ ሰው የሚይዝ?» አልሁና ዜሮ ሰጠሁት። ልጁ አልተከራከረም፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ወንበሩ ሄደ። ከሁሉ የሚያሳፍረው፥ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ባሕር ነፋስና ስለ የብስ ነፋስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሳልሁ ያስተማርኋቸው እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

ክረምት መጣ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች በበጋ ወራቸው ቀላል ታንኳ፥ ድንኳንና ስንቅ ይዘው ወደ ዱር ሐይቅ እየሄዱ፥ አንዳንዶቹም ብቻቸውን፥ ለቀናት እንደሚሰፍሩ አንብቤ ነበር። በሚኒሶታ ሰሜን፥ ከካናዳ ወሰን ላይ፥ ለዚሁ የተጠበቀና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሐይቆች ያሉበት አገር አለ። ተጓዡ በአንዱ ሐይቅ ቀዝፎ ሲጨርስ ታንኳውን በትከሻው ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። የታንኳውን ሥራ ያስተማሯቸው ከዛፍ ልጥ ይሠሩት የነበሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ «እኛስ ጣናና የደንገል ታንኳ እያለን ምን ጎደለን?» ብዬ ተነሣሁ። የፈረንጅ በጋ የኛ ክረምት መሆኑን ያን ጊዜ ብዙም አላሰብሁበትም። መምህር ዕረፍቱ በክረምት ነው፤ ሌላ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ታንኳ ፍለጋ ስጀምር ሰው ያገናኘኝ ማን ይመስላችኋል? ያ ዜሮ የሰጠሁት ልጅ ነው። «አባቴ አንዲት ትንሽ ታንኳ አለችው፤ ያከራይዎታል» አለኝ። አባትየውን ቅዳሜ እንጨቱን ሲያራግፉ አገኘኋቸው። ዕድሜአቸው የገፋ፥ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ስለ ልጃቸው ዜሮ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«አባቴ፥ ለአራት ቀን ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ» አልኋቸው።

«ምነው ብቻዎን?»

«ባሕሩን ለማየት።»

«ባሕሩንማ ከሰው ጋር ሆነውም ያዩታል» አሉኝ። ሆኖም ሦስት ጧት ሙሉ አጠገቤ ሆነው መቅዘፍ አስተማሩኝ።

ስለ ታንኳዋ ጥቂት ልናገር። የደንገል ታንኳ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ናቸው፤ ዛሬ ሌሎችም ይሠሩታል። ደንገል የጥንት ግብፃውያን ወረቀት ያወጡበት የነበረው ተክል ነው። ተቆርጦ ይደርቅና እየታሰረ እርስ በርሱ ይሰፋል፤ በውስጧም ሰውና ዕቃ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ ይደረግላታል። እንደ እንጨት ጀልባ ውሃ እንዳይገባ አትከለክልም፤ ውሃው በየቀዳዳው እንደ ልቡ ይገባል፥ ይወጣል። የምትንሳፈፈው በደንገሉ ውስጥ ባለው አየር ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አትሰጥምም፤ ነገር ግን ቀን በቀን ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 «ራ» በተባለች የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉ የሄደለት ከጣና ነበር። ያች ጀልባ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ውሃ እየጠጣችና እየተፈታታች ሄዳ፥ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳትደርስ በባሕር ላይ ቀረች። ሁለተኛይቱ «ራ» ግን በሚቀጥለው ዓመት ባርቤዶስ ደረሰች።

ሽማግሌው በመጨረሻው ጧት ሦስት ነገር አዘዙኝ። «መምህር፥ ጧቱ የሰው ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው የባሕሩ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከመሬት ይውጡ። ሁለተኛ፥ ታንኳዋን በየማታው ጎትተው አውጥተው ከዛፍ ጋር ያቁሟት፥ ውሃዋ ይንጠፍ። ሦስተኛ፥ ሣሩ ተረግጦ ለጥ ያለ ቦታ ቢያገኙ አይተኙበት፤ የጉማሬ መንገድ ነው።» እኔም ተማሪ እንደሚያደርገው «እሺ፥ እሺ» አልሁ።

ነሐሴ 20 ቀን ከንጋቱ በ12 ሰዓት ተነሣሁ። ስንቄ በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ሻይ ቅጠልና ስኳር ነው። ድንኳን፥ አጎበር፥ ውሃ ማፍያ ድስት፥ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክና ከአንድ የጀልባ ነጂ የተዋስሁት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይዤአለሁ። ሰደርያው እንደ ለበስሁት ነበርሁ፤ በጉዞው ሁሉ ከሠራሁት የማይጸጽተኝ አንዱ ነገር ይህ ነው።

ያን ዕለት ጣና እንደ ወተት ረግቶ ነበር። ወንዞቹ በሚያመጡት አፈር ምክንያት በክረምት ውሃው ቡናማ ነው፤ በጧት ብርሃን ግን ብር ይመስላል። ክብራንና እንጦንስ የተባሉት ደሴቶች ከጉም ውስጥ አንገታቸውን አወጡ። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከዘጌ ወደ ከተማ ሲመጡ በመንገዴ አገኘኋቸው፤ ቀዛፊዎቹም «እንደምን አደርህ» እያሉኝ አለፉ። ሞተር ጀልባ በአንድ ሰዓት ያህል የሚደርስበትን መንገድ እኔ ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። ቢሆንም ቀትር ሳይሆን ዘጌ ደረስሁ፤ ታንኳዋንም እንደ ታዘዝሁት አቆምኋት። ከአንድ ገበሬ የቡና ጫካ ዳር አስፈቅጄ ሰፈርሁ። በዘጌ እርሻ በበሬ አይታረስም። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸው ከሦስት ተሰብሮ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ ስለ በቀለላቸው ሕዝቡ በእነዚህ እንዲኖር አዘዋል። ታሪኩን እንደ እምነታችሁ ተቀበሉት፤ በሐይቁ ዙሪያ ብዙው ዛፍ ባለቀበት ዘመን የዘጌ ጫካ ቆሞ መገኘቱ ግን በዐይን የሚታይ ነው።

በሁለተኛው ቀን ዘጌን ዞሬ በስተ ምዕራብ ወዳለው ጭር ያለ ዳርቻ ተሻገርሁ። የፈለግሁትን ብቸኝነት ያገኘሁት እዚያ ነው። ከአሳ አስጋሪ ወፎች በቀር ድምፅ የለም። አንባቢ ሆይ፥ ብቸኝነት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት እጅግ ይጥማል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ከራሱ ጋር የሚጫወተው ጨዋታ ያልቅበታል። በዚያ ላይ ድካም መጣ። ታንኳዋን ግማሽ አካሏ ከውሃ ውስጥ እንዳለ ተውኋት፤ «ዝናብ ሊመጣ ነው፥ አቆምሁም አላቆምሁ ያው ነው» ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ድንኳኔንም አንድ ለጥ ያለ ለምለም ሣር ላይ ተከልሁ።

ሊመሽ ሲል መረቡን ሰብስቦ የሚመለስ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ አየኝና ጮኸ። «አንተ ሰው! ያ የጉማሬ መንገድ ነው!» ልቤ ቀጥ አለ። በዝናብ ውስጥ ድንኳኔን ነቅዬ ወደ ጉብታው ሮጥሁ። ጉማሬ ቀን በውሃ ይውልና ሌሊት ሣር ሊግጥ በለመደው መንገድ ይወጣል፤ መንገዱን የዘጋበትንም ነገር አይወድም። ሌሊቱን ሲያጉረመርም ሰማሁ። ጧት ወርጄ ሳይ ድንኳኔ ቆሞ በነበረበት ቦታ ላይ እንደ ድስት ክዳን የሰፋ ዱካ አልፏል። ሽማግሌው ካዘዙኝ ሦስት ነገር ሁለቱን አፍርሼአለሁ ማለት ነው፤ የቀረኝ አንድ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ጧት እስከ አምስት ሰዓት ዝናብ ነበር። በማግሥቱ ማታ ባሕር ዳር ካንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት እራት እንደምበላ ተቀጣጥረን ነበር። ለዚያም በዕለቱ ዘጌ ደርሼ ማደር አለብኝ። ዝናቡ ሲያባራ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሰማዩ ጠርቷል፥ ውሃውም ዝም ብሏል። «ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» አልሁና ገባሁ።

ታንኳዋ ከብዳለች። ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ይል የነበረው መደብ አሁን ከውሃው ጋር ትክክል ሆኗል። አንድ ሰዓት እንደ ቀዘፍሁ ከሰፊው ባሕር በኩል የጠቆረ መስመር አየሁ። መጀመሪያ የደመና ጥላ መስሎኝ ነበር፤ ነፋስ ነበር።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙ አይበልጥም። ይህ ለሰሚው የሚያጽናና ይመስላል፤ ለታንኳ ግን ክፉ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል፤ አጭርና ቀጥ ያለ እየሆነ አንዱ ባንዱ ላይ ይደርባል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውሃው እስከ ወገቤ ደረሰ። ከፊቴ ያለውን አፍንጫ መሬት ዞሬ ለማለፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገልሁ። ዳር ላይ ያለች አንዲት ዋርካ ምልክት አድርጌ ነበር፤ ዋርካዋ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፥ ማለት እኔ አልተንቀሳቀስሁም። ድስቴና የሻይ ዕቃዬ በማዕበሉ ተወሰዱ። ክንዴ ከዳኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር፥ እናቴን አሰብሁ፤ የት እንዳለሁ የሚያውቅ አንድም ሰው እንደሌለም አሰብሁ።

በመጨረሻ ትግሉን ተውሁ። ሽማግሌው ሲያስተምሩኝ «ማዕበል በጎን እንዳይመታዎት፤ ወይ ፊት ይስጡት ወይ ጀርባ» ብለውኝ ነበር። ጀርባ ሰጠሁትና መቅዘፊያውን ታንኳዋ እንዳትዞር ብቻ ተጠቀምሁበት። ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ገፍቶ ደንገል ውስጥ ከተተኝ። ታንኳዋ ጠጥታ ጠጥታ በውሃ ውስጥ ብትሆንም አልሰጠመችም። ከጭኔ በላይ በሚደርስ ጭቃ እየተጎተትሁ ከመሬት ወጣሁ።

በማግሥቱ ነፋሱ አላቆመም። እኔ በመጽሐፍ ያነበብሁት ነፋስ ሥርዓት ያለው ነው። ቀን የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከባሕሩ በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር ሊተካው ይመጣል፤ ሌሊት ደግሞ ይህ ይገለበጣል። ነገር ግን የክረምት ነፋስ መጽሐፍ አላነበበም። ሌሊቱንም ነፈሰ፥ ጧትም ነፈሰ፥ ቀኑን ሙሉ ነፈሰ። ስልኬ ፌስታሉ ተቀዶ ሞቷል። በሶው በከረጢቱ ውስጥ ራሱን በጥብጦ ጠበቀኝ፤ እሱን በላሁ። ታንኳዋን አሁን ያለ አዛዥ ከዛፍ ጋር አቆምኋት፤ ውሃዋ እንደ ምንጭ ሲወርድ ተቀምጬ አየሁ። የእራቱ ሰዓት ደረሰ፥ አለፈም። ከተማዋ ሩቅ አልነበረችም፤ ነገር ግን በዚያ ውሃ ላይ የሚገባ ሰው ወደ ከተማ ሳይሆን ወደ መቃብር ይሄዳል።

ያን ጊዜ ልጁ ትዝ አለኝ። እሱም እንዲሁ ከባሕር ዳር ማዶ ሆኖ፥ ስንቁን አቅፎ፥ ሰኞ ጧት የፈተናው ሰዓት ሲደርስና ሲያልፍ እየቆጠረ ተቀምጦ ነበር። እኔ ያጣሁት አንድ እራት ነው፤ እሱ ያጣው የመንፈቅ ዓመት ድካሙን ነው። እኔ የተያዝሁት የተነገረኝን ባለመስማቴ ነው፤ እሱ የተያዘው አባቱን በመስማቱ ነው። «ነፋስ ይዞኝ ነው» ሲለኝ ሰበብ መፍጠሩ አልነበረም። እኔ በሰሌዳ ላይ የሳልሁትን እሱ በኑሮው እየነገረኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሊነጋ ሲል ነፋሱ ወደቀ። እንጨት ከጫኑ ታንኳዎች ጋር ተቀላቅዬ ባሕር ዳር ገባሁ፤ ብቻዬን የመሄድ ምኞቴ በዚያ አበቃ። ባልደረባዬ ሌሊቱን ሳይተኛ ኖሮ በዳርቻው ላይ ሲመላለስ አገኘሁት።

«ምን ሆንህ? የት ጠፋህ?» አለኝ።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «ነፋስ ይዞኝ ነው።»

ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

መስከረም ሲጠባ የመዝገቡን ነገር ጠየቅሁ። የዓመቱ ውጤት ተዘግቷል። ልጁ አልፏል፤ ደረጃው ግን ወርዷል፥ ያች ዜሮም አልተፋቀችም። ሰው የበደለውን ሁሉ ሊያቃና እንደማይችል ያን ቀን ተረዳሁ። የቻልሁትን አደረግሁ፤ ቀድሞ በሳቁት ልጆች ፊት አቁሜ «በዚያ ሰኞ ጥፋተኛው እኔ ነበርሁ» አልሁት፤ የደረሰብኝንም ሁሉ ነገርኋቸው። ልጁ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ቆይቶ ግን ጠየቀኝ።

«ታንኳዋን በሁለተኛው ማታ አቁመዋት ነበር?»

«አላቆምኋትም።»

«አባቴ ነግሮዎት አልነበረም?»

«ነግረውኝ ነበር።»

ልጁ ከዚህ በላይ አልጨመረም። እኔ በእሱ ላይ ካሳለፍሁት ፍርድ ይልቅ የእሱ ዝምታ የተሻለ ትምህርት ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ጽሑፍ ተነሥተህ ወደ ሐይቅ ልትሄድ ብታስብ አልከለክልህም፤ አገርን በዐይን ማየት መልካም ነው። ነገር ግን ውሃውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂድ፥ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ልበስ፥ ውሃውን አፍልተህ ጠጣ፥ አጎበር አትርሳ፥ መቼና በየት እንደምትመለስም ለሰው ተናገር። ደመና ሲጠቁር ደግሞ ከመሬት ሁን።

በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ይዘህ የተቀመጥህ ወዳጄም አንድ ቃል ስማኝ። አንድ ባላገር ቀጠሮው ዓርብ ሆኖ ሳለ ሰኞ ከፊትህ ቢቆም፥ «ወንዝ ሞልቶብኝ ነው» ወይም «በሬ ጠፍቶብኝ ነው» ቢልህ፥ ፋይሉን ከመዝጋትህ በፊት አንዲት ጥያቄ ጨምርለት። ምናልባት ይዋሽህ ይሆናል። ምናልባት ግን አንተ በመጽሐፍ ብቻ የምታውቀውን ነገር በእግሩ ተሻግሮ የመጣ ሰው ይሆናል። እኔ ዛሬ ተማሪ ሲዘገይብኝ አስቀድሜ የምጠይቀው፦ «የመጣኸው በየት በኩል ነው?» ብዬ ነው።